ኮከብ መቁጠርና ኮከብ ማየት

በሀገራችን «ኮከብ ይቆጥራል» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ሰማይን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነው። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ዳሩ ግን እውነት ነው። ኮከብ ቆጣሪው በቀትር፥ በቤቱ ውስጥ፥ መጽሐፉን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የጠያቂውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር ይደምራል፤ ድምሩን በ12 ይገድፋል፤ በተረፈውም ቁጥር ሰውየውን ከሐመል ጀምሮ እስከ ሑት ካሉት ከ12ቱ በአንዱ ይመድበዋል። ከዚህም በኋላ ማንን ቢያገባ እንደሚሻለው፥ በየትኛው ቀን መንገድ እንደሚነሣ፥ ከማን ጋር ቢነግድ እንደማይቀናው ይነግረዋል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድ ኮከብ እንኳ አልታየም። ሰማዩ ደመና ቢለብስ፥ ከዋክብቱም ሁሉ ቢጠፉ፥ የሒሳቡ መልስ ያው ነው።

እንግዲህ ስለ ኮከብ መናገርና ኮከብን ማየት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የዚህም ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ሰው ምንም ጥቅም የማይሰጠውን፥ ጉዳትም የማያመጣበትን ነገር እንዳለ አድርጎ የማየት፥ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ የመናገር ዕዳ አለበትን? የሚል ነው። ብዙ ሰው «እውነት የሚያስፈልገው በፍርድ አደባባይና በገበያ ነው፤ ስለ ከዋክብት ቢሳሳቱ ማን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ዕዳው አለበት፥ ያውም ማንም ሳይጠይቀው አለበት እላለሁ። ምክንያቱንም በተራ እናየዋለን።

ወራቱ ለዚህ ነገር የተመቸ ነው። ክረምቱ በመስከረም 25 ቀን ተፈጽሞ መፀው ሲገባ፥ ዝናሙ አየሩን ከትቢያና ከጢስ አጥቦ ያልፋል፤ ደመናው ይገፈፋል፤ ሌሊቱም ይጠራል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ባሉት 3 ወራት ውስጥ ሰማይ ብዙ ነገር ያሳያል። በጥቅምት 11 ቀን ገደማ፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ጥሎት የሄደው ትቢያ ምድራችንን ሲያገኝ እንደ እሳት እየተወረወረ ይታያል። በኅዳር 8 እና 9 ቀን ገደማ ከአሰድ አቅጣጫ የሚወረወሩት ይመጣሉ። በታኅሣሥ 4 እና 5 ቀን ገደማ ደግሞ ከገውዝ አቅጣጫ የሚወጡት ከሁሉ ይበዛሉ፤ በጨለማ ሥፍራ የተቀመጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ የሚያህሉ ሊያይ ይችላል። ይህነን ሁሉ ለማየት ገንዘብም ማዕርግም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጋቢና ትዕግሥት ነው።

ነገር ግን ማየት ቀላል ነገር እንዳይመስለን። በኅዳር አጋማሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት በምሥራቅ ይወጣሉ፤ ወደ እኩለ ሌሊትም ከአናታችን በላይ ሊደርሱ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ከፍ ይላሉ። ከእኛ ወደ 440 የብርሃን ዓመት የራቁ ናቸው። የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በ1 ሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ በ1 ዓመት የሚጨርሰው መንገድ ነው። በትልቅ መነጽር የመረመሯቸው ሊቃውንት ከ1 ሺህ የሚበልጡ ከዋክብት በአንድነት የተሰበሰቡ መሆናቸውን አውቀዋል። ያለ መነጽር የሚያይ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ብቻ ያገኛል፤ ዓይኑ የተሳለ ሰው በጨለማ ሌሊት 9 ወይም 10 ይቆጥራል።

ይሁን እንጂ ሰውን «ስንት አየህ?» ብለው ቢጠይቁት «ሰባት» የሚለው ብዙ ነው። ለምን? ስማቸው ሰባት ስለ ሆነ ነው። ዓይኑ 6 አየ፤ ጆሮው 7 ሰማ፤ አንደበቱም ከጆሮው ጋራ ተባበረ። ይህ ሰው ሐሰተኛ ተብሎ የሚወቀስ አይደለም፤ ጉቦ አልበላም፥ ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ሆኖም ያላየውን አየሁ ብሎአል። እንግዲህ ይኸው ሰው ስለ ጎረቤቱ «ሌባ ነው» የሚል ወሬ ሰምቶ እንደ ሆነ፥ በምሽትም ያንን ጎረቤት ከሰው አጥር አጠገብ ሲያልፍ ቢያየው፥ በማግሥቱ ዳኛው ፊት ቆሞ ምን ይላል? ዓይኑ መንገደኛ አየ፤ ጆሮው ሌባ ሰማ። አንደበቱ ከማን ጋራ ይተባበር ይሆን? በሰባቱ ከዋክብት ላይ ያልተለማመደውን ጥንቃቄ በሰው ነፍስ ላይ ድንገት ከየት ያመጣዋል?

ደግሞም ስም የሰውን ዓይን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ያስራል። በዚሁ ወራት ማታ በሰሜን ምሥራቅ በኩል አልጎል የሚባል ኮከብ ይታያል። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የጋኔን ራስ ማለት ነው። ኮከብን በሚጠነቁሉ ሰዎች ዘንድ ከሁሉ የከፋ፥ መዓትና ሞት የሚያመጣ ኮከብ እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲፈራ ኖረ። ይህ ኮከብ በየጊዜው ብርሃኑ ይደክማል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ተመልሶ ይበራል። ሰዎች እጅግ ፈሩት፤ በየሌሊቱ ተቀምጦ መቼ መቼ እንደሚደክም ያጠና ግን ለብዙ ዘመን አልተገኘም።

በእንግሊዝ ሀገር በዮርክ ከተማ የሚኖር ጆን ጉድሪክ የሚባል ወጣት ነበረ። በሕፃንነቱ ታሞ ደንቁሮአልና የሰው ድምፅ አይሰማም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1782 ዓመት በኖቬምበር 12 ቀን ሌሊት፥ 18 ዓመት ሆኖት ሳለ፥ ይህ ኮከብ ብርሃኑ ሲቀንስ አየ፤ ያየውንም ነገር ለማመን ቸገረው። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ሌሊት እየተጠባበቀ ጻፈ። በመጨረሻም የመድከሙ ጊዜ ሥርዓት ያለው መሆኑን፥ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ እንደሚመላለስ ደረሰበት፤ የእርሱ ሒሳብ ዛሬ በረቀቀ መሣሪያ ከሚታወቀው የሚለየው ቢበዛ በጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ ምክንያቱም ሁለት ግምት አቀረበ፤ ወይ ጨለማ አካል በፊቱ እየዞረ ይጋርደዋል፥ ወይ በራሱ ፊት ላይ ጥቁር ምልክት አለበት አለ፤ ያላረጋገጠውን አንዱን ብቻ መርጦ «ይህ ነው» አላለም። የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር በ1783 የኮፕሊ ሜዳይ ሰጠው። በ1786 በ21 ዓመቱ ሞተ። በ1889 የጀርመኑ ሊቅ ፎገል ብርሃኑን መርምሮ የመጀመሪያው ግምት እውነት መሆኑን አስረዳ፤ ደብዛዛ ጓደኛ ያለው ኮከብ ነበረ፤ ጓደኛውም በፊቱ ባለፈ ቁጥር ይጋርደዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል። ይህ ወጣት መስማት ስለማይችል ስለ ጋኔኑ የሚወራውን ወሬ አልሰማም ልንል አንችልም፤ ያነብ ነበርና። ልዩነቱ በጥያቄው ላይ ነው። ሌሎቹ ኮከቡን «በእኔ ላይ ምን ልታመጣ ነው?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱ ግን «አንተ ምንድር ነህ?» አለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ኮከቡ ይመስላል እንጂ ስለ ጠያቂው ነው፤ ስለዚህም መልሱ ሁልጊዜ የጠያቂው ፍርሃት ወይም ምኞት ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ራስን ለጥቂት ጊዜ መርሳት ነው። ሰው ራሱን በረሳበት ሰዓት ሌላውን ያያል።

ይህ የሁለቱ ጥያቄ ልዩነት በአንድ ሌሊት ጎልቶ የታየበት ጊዜ አለ። በ1833 ዓመት በኖቬምበር 13 ቀን ሊነጋጋ ሲል፥ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ ተወርዋሪ ከዋክብት እንደ በረዶ ወረዱ። ሕዝቡ ከቤቱ ወጣ፤ ብዙ ሰው የዓለም ፍጻሜ መጣ ብሎ ጮኸ፥ አለቀሰም። በድንጋጤ የጸለየውን ሰው መናቅ አይገባም፤ ያልተዘጋጀ ልብ ሌላ ምን ያደርጋል? ነገር ግን በዬል ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዴኒሰን ኦልምስቴድ ወዲያው በጋዜጣ ለሕዝቡ ጥያቄ አቀረበ፤ በየሀገሩ ያላችሁ፥ በስንት ሰዓት፥ በየት በኩል፥ ምን አያችሁ? አለ። ደብዳቤ ከብዙ ሥፍራ መጣለት። ደብዳቤዎቹን ሲያስተያያቸው ተወርዋሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ሥፍራ፥ ከአሰድ ከዋክብት መካከል፥ የወጡ የሚመስሉ መሆናቸውን አገኘ። ከዚህ የተነሣ የተወርዋሪ ከዋክብት ትምህርት መሠረቱ ተጣለ። በኋላም በ33 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ የሚመለስ ጅራታም ኮከብ የጣለው ትቢያ መሆኑ ታወቀ፤ በ1966ም ያ ዝናም በታላቅ ብዛት ዳግመኛ ታየ። ይህን ዕውቀት ለዓለም ያበረከተው አንድ ሊቅ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቶ ሳለ እንኳ ያየውን ብቻ የጻፈ ስሙ የማይታወቅ ብዙ ሰው ነበረ።

የሚያይ ሰው ሌላም ግዴታ አለበት፤ ይኸውም የጻፈውን መሰረዝ መቻል ነው። በኅዳር ወር ማታ በ3 ሰዓት ገደማ፥ ወደ ሰሜን ፊቱን መልሶ ከፍ አድርጎ የሚመለከት ሰው፥ ሥፍራው ጨለማ ከሆነ፥ እንደ ጭላንጭል ያለች ትንሽ ደመና ያያል። ይህች አንድሮሜዳ የምትባለው የከዋክብት ዓለም ናት። በ1923 ዓመት በኦክቶበር ወር ኤድዊን ሃብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ ፎቶግራፍዋን በመስተዋት ላይ አንሥቶ፥ በውስጧ ካያቸው ነጥቦች ባንዱ አጠገብ አዲስ የፈነዳ ኮከብ የሚል ምልክት አኖረ። ከቀድሞ ፎቶግራፎች ጋራ ሲያስተያየው ግን ያ ነጥብ በየጊዜው የሚደምቅና የሚደክም ኮከብ ሆኖ አገኘው፤ የፊተኛውን ምልክት ሰርዞ «ተለዋዋጭ» የሚል ጻፈበት። የዚህ ዓይነት ኮከብ ርቀቱ ይለካልና፥ ይህች ደመና ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ሌላ ታላቅ ዓለም መሆኗ ከዚያ ስረዛ የተነሣ ታወቀ። ርቀቷም ዛሬ ሲለካ ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ስረዛው ያለበት መስተዋት ተጠብቆ ይኖራል፤ ማንም አላፈረበትም።

ኮከብ ቆጣሪው ግን መቼ ሰረዘ? ጋብቻው ቢሰምር «ኮከባቸው ገጥሞ ነበር» ይላል፤ ቢፈርስ «የእናቷን ስም በትክክል አልነገሩኝም» ይላል። የማይሳሳት ሰው ይመስላል፤ ነገር ግን የማይሳሳተው ከእውነት ጋራ ስለማይገናኝ ነው። ሌላም አለ። ምድር እንደሚሽከረከር እንዝርት ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፤ አንዱን ዙር የምትጨርሰው በ26 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ በመጋቢት ወር ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ በጥንት ዘመን በሐመል ከዋክብት መካከል ትታይ ነበር፤ ዛሬ ግን በሑት ከዋክብት መካከል ናት። የጥንቆላው መጽሐፍ ሳይለወጥ ሰማዩ ከሥሩ ተንቀሳቀሰ። ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያላየ ግን የዛሬ 2 ሺህ ዓመት የነበረውን ሰማይ ስም እየጠራ ይኖራል።

እዚህ ላይ የባሕረ ሐሳብን ትምህርት ከኮከብ ቆጠራ ጋራ አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው እንዳይኖር ያስፈልጋል። መግደፍና መደመር በሁለቱም አለ። ነገር ግን አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 የሚሆኑት፥ 19ኙም ዓመት የሚዞረው፥ ጨረቃና ፀሐይ በእውነት የሚሄዱበትን መንገድ ለመከተል ነው። ሒሳቡ ቢሳሳት ጨረቃዋ ራሷ በሰማይ ወጥታ ትመሰክርበታለች። የሰው ስም ፊደል ግን በማን ይመሰከርበታል?

እንግዲህ በዚህ ነገር ማን ይጎዳል? ላሉት ሰዎች መልሱ ሩቅ አይደለም። ሁለት ወጣቶች ተዋደው፥ ቤተ ዘመድም ተስማምቶ ሳለ፥ «ኮከባቸው አይገጥምም» በተባለ አንድ ቃል እጮኛነቱ ሲፈርስ ያልሰማ ማን አለ? ባሏ የሞተባት ሴት «ኮከቧ ከባድ ነው» ተብላ በሐዘኗ ላይ ነቀፋ ሲጨመርባት፥ ልጁ የታመመበት አባት ለመድኃኒት የሚሆነውን ገንዘብ ለኮከብ ቆጣሪ ሲከፍል፥ ይህ ሁሉ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። በሰማይ ላይ የተነገረ ሐሰት በሰማይ አይቀርም፤ ወርዶ በሰው ቤት ይገባል።

ነገር ግን ለተቃራኒውም ወገን እውነቱን መስጠት ይገባል። ወደ ኮከብ ቆጣሪ የሚሄድ ሰው ሞኝ ስለ ሆነ ብቻ አይሄድም፤ ስለ ጨነቀው ይሄዳል። ነገ ምን እንደሚመጣ አለማወቅ ከባድ ሸክም ነው። ኮከብን የሚያይ ሰው ለዚህ ለተጨነቀ ወንድሙ ምን ይሰጠዋል? ስለ ነገ ምንም አይሰጠውም፤ ይህነን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን ሊነግረው ይችላል፦ ያ ኮከብ አንተን አያውቅህም፥ አይጠላህምም፤ ጥልህ ከእርሱ ጋራ አይደለም። ከባልዋ ሞት በኋላ ኮከቧ ለተነቀፈባት ሴት ይህ ቃል ቀላል ስጦታ አይደለም። ክፋትን ከሰማይ ላይ ያነሣንላት እንደ ሆነ፥ የቀረው ሐዘን ብቻ ነው፤ ሐዘንን ደግሞ ጎረቤት ሊካፈለው ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የተራበ ሳለ ሰማይ ማየት ሥራ መፍታት ነው» የሚለው ነው። በእርግጥ ኮከብ ማየት የተራበውን አያጠግብም። ነገር ግን ከእንቅልፍ ላይ አንድ ሰዓት ይወስዳል እንጂ ከማንም እንጀራ አይወስድም። ደግሞም ሰማይን የሚያይ ሁሉ ጻድቅ ነው አልልም፤ ከዋክብትን ጠንቅቆ እያወቀ ባልንጀራውን የሚበድል ሰው ይኖራል። የምለው ይህ ነው፦ ጽሕፈት የሚማር ደቀ መዝሙር ውድ ብራና ከመንካቱ በፊት በተራ ነገር ላይ እጁን እንደሚያለማምድ፥ እውነት መናገርም ልምምድ ይፈልጋል። በገበያ ጥቅም አለ፤ በአደባባይ ዘመድና ባላጋራ አለ፤ እዚያ እውነት መናገር የሚፈተን ሰው አስቀድሞ የተለማመደ ቢሆን ይሻለዋል። ከከዋክብት ፊት ጉቦ የሚሰጥ የለም፤ የሚያስፈራራም የለም። እዚያ እንኳ ዓይኑን ያልታመነ ሰው፥ ፈተና ባለበት ሥፍራ እንዴት ሊታመን ነው?

ስለ እንዲህ ያለው ልምምድ በአውስትራሊያ የነበሩት የፕሮቴስታንት አገልጋይ ሮበርት ኤቫንስ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሩቅ ያሉ የከዋክብት ዓለማትን መልክ በቃላቸው አጥንተው፥ ሌሊት በመነጽር እያዩ በመካከላቸው ፈንድቶ የሚሞት አዲስ ኮከብ መታየቱን ይጠባበቁ ነበር። በፎቶግራፍ ሳይሆን በዓይናቸው ተመልክተው 42 እንዲህ ያሉ ከዋክብት አገኙ፤ በ2022ም ዐረፉ። የዓለም ሊቃውንት 42ቱን ያከብራሉ። ለእኔ ግን የበለጠ የሚደንቀኝ ሌላው ነው፤ በ42ቱ መካከል የነበሩት፥ ምንም አዲስ ነገር ያልታየባቸው፥ ቍጥራቸው የበዛ ሌሊቶች ናቸው። በእነዚያ ሌሊቶች የሚጻፈው እውነት «አላየሁም» የሚል ብቻ ነው። አንድ ሰው «አየሁ» ሲል የምናምነው፥ «አላየሁም» ማለት የሚችል መሆኑን ስናውቅ ነው።

በከተማ የሚኖር ሰው ይህ ሁሉ ከእርሱ የራቀ ይመስለው ይሆናል፤ የኤሌክትሪኩ ብርሃን ብዙዎቹን ከዋክብት ሸፍኖበታልና። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዱ የ1 ሜትር ስፋት መስተዋት ያለው 2 ቴሌስኮፕ ተተክሎአል፤ የከተማው ብርሃን ግን ወደዚያም ይወጣል። ሆኖም ሰባቱ ከዋክብት በጓሮም ይታያሉ፤ መብራቱን አጥፍቶ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ የሚታገሥ ሰው ያገኛቸዋል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መምረጥ ይሻላል፤ ሠርቀ ሌሊት ማውጣት የሚያውቅ ካህን ለደብሩ ልጆች ያን ሌሊት አስቀድሞ ሊነግራቸው ይችላል።

ስለዚህ በመጪው ኅዳር፥ ልጅ ያለህ ልጅህን፥ ተማሪ ያለህ ተማሪህን ይዘህ ውጣ። ወደ ምሥራቅ አመልክተህ «እነዚያን ቁጠራቸው» በለው። ስማቸውን ግን አስቀድመህ አትንገረው። 6 ቢልህ 6 ብለህ ጻፍ፤ 5 ቢልህ 5 ብለህ ጻፍ፤ 9 ቢልህ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲቆጥር አድርገህ ሁለቱን አስተያይ። ከዚያ በኋላ ስማቸውን ንገረው፤ ቁጥሩን ግን አታስለውጠው።